አፍንጫቸው የከዳቸው ቅመም ነጋዴ፦ ከጎንደር የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ጎንደር ውስጥ በአንድ ክሊኒክ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። «ሳይነስ አለብኝ» የሚል ታካሚ ሳላይ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው። አብዛኛው ተራ ጉንፋን ወይም አለርጂ ሆኖ ይገኛል። አንዳንዱ ደግሞ ማይግሬን ነው። ይህኛው ጉዳይ ግን ተለየብኝ። ሳይነሱ በእርግጥ ታሟል፤ የበሽታው መነሻ ግን አፍንጫ ውስጥ አልነበረም። ባለጉዳይዋ ታሪኩ ቢጻፍ ደስ እንደሚላቸው ነግረውኛል። ስማቸውን፣ እንዲሁም ያከሟቸውን ሰዎችና ተቋማት ግን አልጠቅስም።

ዳራ

ሴትየዋ በአርባዎቹ መጨረሻ ላይ ናቸው። ቅዳሜ ገበያ ቅመም ይነግዳሉ። ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ አብሽ፣ ቅርንፉድ፣ የተፈጨ በርበሬ። ሥራቸው በአፍንጫ ነው። የከረመ ኮረሪማን ከአዲሱ የሚለዩት ሳይፈለፍሉ ነው። ደንበኞቻቸውም ይህን ስለሚያውቁ ዋጋ ብዙ አይከራከሯቸውም።

ስኳር የለባቸውም፣ አያጨሱም። ግን በርበሬ ብናኝ ውስጥ ይውላሉ። ቤታቸው ቡናው በከሰል ይፈላል፣ ዕጣኑም ይጨሳል። በዚያ ላይ ከጥቅምት በኋላ ያለው የጎንደር ደረቅ አየርና የጠዋት ብርድ ለአፍንጫ አይመችም። ስለዚህ አፍንጫቸው ሲታመም ሁሉም በርበሬውንና ብርዱን ወቀሰ። እርሳቸውም ያመኑት ይህንኑ ነው። ግምቱ ሞኝነት አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት በቀኝ በኩል ያለ የላይ መንጋጋ ጥርሳቸው በስብሷል ተብሎ ተቦርቡሮ ተሞልቷል። ስለ አፍንጫው ሊያወራ የመጣ ሰው ጥርሱን ከየት አምጥቶ ያነሳል?

ችግሩ

ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ቀኝ አፍንጫቸው ይዘጋል። ቢጫ፣ ወፍራም ንፍጥ ይወጣቸዋል፤ አብዛኛው ወደ ጉሮሮ ነው የሚወርደው። ጆንያ ለማሰር ጎንበስ ሲሉ ቀኝ ጉንጫቸው ይከብዳቸዋል። ቀኝ ጆሯቸውም አልፎ አልፎ ድፍን ይላል። ከሁሉም ያስመረራቸው ግን ሽታው ነበር። የበሰበሰ ነገር ይሸታቸዋል። መጀመሪያ አይጥ ሞታ መስሏቸው ሱቁን አራገፉ። ቀጥሎ ቅመሙ ተበላሽቶ መስሏቸው አንድ ጆንያ አብሽ በርካሽ ለቀቁት። ልጃቸው «እማዬ፣ እኔ ምንም አይሸተኝም» ሲላቸው ነው ሽታው ከራሳቸው መሆኑ የገባቸው። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር ተጠግተው ማውራት ተዉ። ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ራቅ ብለው ይቆሙ ጀመር።

ሕክምና አልሞከሩም ማለት አይቻልም። አሞክሳሲሊን ደጋግመው ወስደዋል፤ አንዳንዱን በሐኪም ትእዛዝ፣ አንዳንዱን በራሳቸው ገዝተው። መድኃኒቱ ላይ ሳሉ ሽታው ይቀንሳል፣ ሲያልቅ ይመለሳል። ራጅ ተነስተው «ቀኝ ሳይነስዎ ደፍኗል» ተብለዋል። ጎረቤት ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ አሽትታቸዋለች። በባህር ዛፍ ቅጠል ታጥነዋል። የተዘጋ አፍንጫ የሚከፍት ጠብታም ገዝተው ከወር በላይ ተጠቅመውበታል።

ጠብታው ደግሞ የራሱን ጣጣ አመጣ። እንዲህ ያሉት ጠብታዎች የአፍንጫን ደም ሥሮች አኮማትረው እፎይታ ይሰጣሉ። ከአምስት ቀን ገደማ በላይ ሲወሰዱ ግን ሥሮቹ መልሰው ያብጣሉ፤ አፍንጫው ያለ ጠብታው አልከፈት ይላል። ወደ እኛ ሲመጡ ጤነኛው ግራ አፍንጫቸውም መዘጋት ጀምሮ ነበር። ይህ የበሽታውን መልክ አደበዘዘው።

ሳይነስ ለምን ይጠቅማል?

መጀመሪያ የመጡ ቀን የጠየቁኝ ጥያቄ ይህ ነበር። «ልጄ፣ ይሄ ሳይነስ የሚሉት ነገር ምን ይሠራል? የማይጠቅም ከሆነ ለምን አውጥታችሁ አትገላግሉኝም?»

የሚወጣ ነገር የለም እትዬ፣ አልኳቸው። ሳይነስ አጥንት ውስጥ ያለ ባዶ ቦታ ነው። በአየር የተሞላ ነው፤ ውስጡ በስስ እርጥብ ሽፋን ተለብጧል።

ሳይነሶች አራት ጥንድ ናቸው። ትልቁ ጉንጭ ውስጥ ያለው ነው፤ አዋቂ ሰው ላይ አንዱ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። ሁለተኛው ግንባር ውስጥ፣ ከቅንድብ በላይ ነው። ሦስተኛው በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያሉ የትንንሽ ክፍሎች ስብስብ ነው። አራተኛው ከአፍንጫ ጀርባ ጥልቅ ቦታ ላይ፣ ከፒቱታሪ (አንጎል ሥር ካለች ሆርሞን አመንጪ ዕጢ) በታች ይገኛል። ሰው ሲወለድ የጉንጩና የዓይን መካከሉ በትንሹ አሉ። የግንባሩ ግን ዘግይቶ ያድጋል፤ በራጅ መታየት የሚጀምረው ከስድስትና ሰባት ዓመት ወዲህ ነው። (የሁለት ዓመት ሕፃን ይዞ መጥቶ «ግንባሩ ላይ ሳይነስ አለበት» ለሚለኝ ወላጅ መልሴ አጭር ነው፤ የግንባሩ ሳይነስ ገና አልተሠራም።)

ስለ ጥቅማቸው ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከራሉ። የራስ ቅልን ያቀልላሉ ይባላል። ፊት ሲመታ ለአንጎልና ለዓይን መከታ ይሆናሉም ይባላል። ድምፅን ያስተጋባሉ የሚለው በሰው ዘንድ የታወቀው ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፁ የሚለወጠው ግን በዋናነት አፍንጫው ስለተዘጋ ነው። አየር ማሞቅንና ማርጠብንም ብዙ ጊዜ ለሳይነስ ይሰጡታል። እኔ ይህን ሥራ የምሰጠው ለራሱ ለአፍንጫው ነው። በሁለቱም በኩል ግድግዳው ላይ ሦስት ሦስት ጥምዝ አጥንቶች አሉ፤ ሽፋናቸው በደም ሥር የተሞላ ነው። የጥር ጠዋት የጎንደር አየር በእነርሱ መካከል አልፎ ጉሮሮ ሲደርስ ከ30 ዲግሪ በላይ ሞቆ፣ እርጥበትም አግኝቶ ነው።

በደንብ የታወቀው የሳይነስ ሥራ አንድ ጋዝ ማምረቱ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 የስዊድን ተመራማሪዎች ሳይነሶች ናይትሪክ ኦክሳይድን በብዛት እንደሚያመርቱ አሳዩ። ይህ ጋዝ ጀርሞችን ያዳክማል። ከምንተነፍሰው አየር ጋር ወደ ሳንባ ወርዶም የደም ሥሮችን ያሰፋል። በ2002 ደግሞ አፍ ዘግቶ «እምምም» እያሉ ማንጎራጎር ከአፍንጫ የሚወጣውን የዚህን ጋዝ መጠን ወደ 15 እጥፍ እንደሚያሳድገው ታየ። ንዝረቱ የሳይነሱን አየር ከአፍንጫው አየር ጋር ያለዋውጠዋል። «ታዲያ ቡና ስቆላ ማንጎራጎሬ መድኃኒት ነው በለኛ!» ብለው ሳቁ። መድኃኒት ነው ለማለት ገና ነው፤ ጉዳት ግን የለውም።

ለእርሳቸው ጉዳይ ዋናው ነጥብ የፍሳሹ መንገድ ነበር። የሳይነስ ሽፋን ዘወትር ንፍጥ ያመነጫል። ንፍጡ አቧራና ጀርም ይይዛል። በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች በሴኮንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ እየተወዛወዙ ወደ መውጫው ቀዳዳ ይገፉታል። የጉንጭ ሳይነስ መውጫ ቀዳዳ ያለው ደግሞ ሥሩ ላይ ሳይሆን ላይኛው ጫፉ አጠገብ ነው። ቆሞ እንዳለ እንስራ ነው፤ በራሱ ክብደት አይፈስም። ንፍጡ ሽቅብ ተገፍቶ ነው የሚወጣው። እነዚያ ፀጉሮች በጭስ፣ በድርቀት ወይም በመግል ከተዳከሙ፣ ወይም ቀዳዳው በእብጠት ከተዘጋ፣ ያለው ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ጎረቤቶቹ

ሳይነስ ብቻውን አይኖርም። ከዓይን የሚወርደው የእንባ ቱቦ የሚፈሰው አፍንጫ ውስጥ ነው፤ ስናለቅስ አፍንጫችን የሚረጥበውም ለዚህ ነው። የመሀል ጆሮን አየር የሚያመጣጥነው ቱቦ ከአፍንጫ ጀርባ ይከፈታል። የእኚህ ሴት ጆሮ ድፍን የሚለው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። በዓይንና በዓይን መካከሉ ሳይነስ መካከል ያለው ግድግዳ እንደ ወረቀት የሳሳ አጥንት ነው። ከግንባር ሳይነስ ጀርባ ያለው አንጎል ነው።

ከጉንጭ ሳይነስ ወለል በታች ደግሞ የላይ መንጋጋ ጥርሶች ሥር አለ። አንዳንድ ሰው ላይ በሥሩና በሳይነሱ መካከል ያለው አጥንት በጣም ስስ ነው፤ ጨርሶ የማይኖርበትም ጊዜ አለ። ሁለቱም ስሜት የሚያገኙት ከአንድ የነርቭ ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ ሳይነስ ሲታመም ጥርስ ያመመ ይመስላል። ጥርስ ሲበሰብስም ሳይነስ ይታመማል።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1651 የጉንጭን ሳይነስ በዝርዝር የገለጸው እንግሊዛዊው ሐኪም ናትናኤል ሃይሞር የጻፈው ጥርሷ ከተነቀለ በኋላ በቀዳዳው ከሳይነሷ ፈሳሽ ስለወረዳት አንዲት ሴት ጭምር ነው። ይህን ያህል ዘመን ተቆጥሮም ጥርስና አፍንጫ የሚታዩት በተለያየ በር ነው። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ያጠራጠረን ምልክት

ሦስት ነገሮች አንድ ላይ መጡ። አንደኛ፣ በሽታው በአንድ ወገን ብቻ ነው። በርበሬና ብርድ ቀኝና ግራ አይመርጡም። ሁለተኛ፣ መጥፎ ሽታው። እንዲህ የሚሸተው አየር በሌለበት የሚራቡ ባክቴሪያዎች ሲኖሩ ነው፤ እነዚህ ደግሞ የተበላሸ ጥርስ ውስጥ የተለመዱ ናቸው። ሦስተኛ፣ በመድኃኒት እየቀነሰ የሚመለስ መሆኑ። ከበርበሬው ብናኝ ውጭ ማስነጠስና ማሳከክ አልነበራቸውም፤ አለርጂው በዚህ ወደቀ።

ጥርስ ያምዎታል ወይ ስላቸው «በፍጹም» አሉ። የላይ ጥርሶቻቸውን በጥርስ ማያ መስተዋት እጀታ አንድ በአንድ ቀስ አድርጌ ስመታ ግን የተሞላው ጥርስ ላይ ስደርስ ፊታቸው ተለወጠ። «እሱ እንኳ ትንሽ ይለያል» አሉ። ጥርሱ አለማመሙ ሊያስገርም አይገባም። ውስጡ ያለው ነርቭ ከሞተ ለቀዝቃዛና ለትኩስ አይሰማም። መግሉም ወደ ሳይነስ መውጫ ካገኘ ግፊት አይፈጥርም፣ ድድም አያብጥም።

በአንድ ወገን ብቻ የሚሆን የሳይነስ በሽታ ሁሉ ከጥርስ ነው ማለት ግን አይደለም። የፈንገስ ክምችትም፣ ዕጢም ሊሆን ይችላል። ደም የቀላቀለ ንፍጥ ካለ በተለይ መዘግየት አይገባም። ስለዚህ በግምት አላቆምንም።

የተወሰዱት እርምጃዎች

መጀመሪያ ጠብታውን አስቆምን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ፤ ሌሊት በአፋቸው ነበር የሚተነፍሱት። በምትኩ እብጠት የሚቀንስ የስቴሮይድ የአፍንጫ ስፕሬይና የጨው ውሃ እጥበት ጀመሩ።

እጥበቱ ላይ ጊዜ ወስደን አስረዳናቸው። አንድ ኩባያ ውሃ፣ የሻይ ማንኪያ ሩብ ንጹሕ ጨው። ውሃው መፍላት አለበት፤ ከዚያ ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ አንድ ደቂቃ ማፍላት ሲበቃ እዚህ ሦስት ደቂቃ መንተክተክ አለበት። ያልፈላ የቧንቧ ውሃ አፍንጫ ውስጥ አይገባም። ለሆድ የማያሰጋ ተሕዋስ በአፍንጫ ሲገባ ሊያሰጋ ይችላል።

ቀጥሎ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ላክናቸው። እዚያ የተነሳው ትንሹ የጥርስ ራጅ «ሙሌቱ ደህና ነው፣ ሥሩም ደህና ነው» የሚል ውጤት ይዞ መጣ። ነገሩ እዚህ ላይ ሊቆም ይችል ነበር። ሴትየዋም ተስፋ ቆርጠው ነበር። ነገር ግን የላይ መንጋጋ ሥሮች በራጅ ላይ ስለሚደራረቡ ችግሩ ሊደበቅ ይችላል። አንገት በላይ ስፔሻሊስት ዘንድ ተልከው ሲቲ ስካን ታዘዘ።

ሲቲው ተናገረ። ቀኝ የጉንጭ ሳይነስ ሙሉ በሙሉ ደፍኗል። የተሞላው ጥርስ ሥር ጫፍ ዙሪያ አጥንቱ ተበልቷል፤ በላዩ ያለው የሳይነስ ወለልም ተሸንቁሯል። ግራው ንጹሕ ነው።

ሁለት ምርጫ ነበር። አንዱ የጥርሱን ሥር አጽድቶ መሙላት፣ ሁለተኛው መንቀል። የሥር ሕክምናው ጥርሱን ያተርፋል፤ ግን ምልልስ አለው፣ ዋጋውም ከበድ ይላል። እርሳቸው «ንቀሉልኝና ልረፍ» አሉ። ከጥምቀት በኋላ ተነቀለ። ከአሞክሳሲሊን ክላቩላኔት ጋር ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ያልተሳካው

ከተነቀለ ከቀናት በኋላ ደነገጡ። ቡና ሲጠጡ በቀኝ አፍንጫቸው ወጣ። በአፍና በሳይነስ መካከል ቀዳዳ ተከፍቶ ነበር። ወለሉ አስቀድሞ ስለተሸነቆረ ይህ የሚጠበቅ አደጋ ነው። ከሁለት ሚሊ ሜትር ያነሰ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ራሱ ይዘጋል። የእርሳቸው ግን ከዚያ ሰፋ ያለ ነበር።

ከመነቀሉ በፊት ምክር ተሰጥቷቸዋል፤ አፍንጫዎን በኃይል አይናፈጡ፣ ሲያስነጥሱ አፍዎን ይክፈቱ፣ በስትሮ አይጠጡ ተብሏል። ግን የተነገራቸው ማደንዘዣ ከተወጉ በኋላ፣ በፍርሃት መሀል ነው። ከዚያ ሁሉ የያዙት መድኃኒቱን ብቻ ነበር። ልጃቸው አብሮ ቢገባ ኖሮ ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ። በርበሬ መሀል ተመልሰው ሲገቡ በየደቂቃው ማስነጠሳቸውም አልረዳም።

ጥርስ ሐኪሙ የጉንጭ በኩል ድድን ስቦ ቀዳዳውን ሰፋው። በዚህ ጊዜ ሱቁን ልጃቸው ያዘ፤ እርሳቸው ሁለት ሳምንት ከብናኝ ርቀው ቤት ተቀመጡ። ስፌቱ ያዘ።

የአፍንጫ ኦፕሬሽንም ተነስቶ ነበር። በካሜራ ገብቶ የሳይነሱን መውጫ የሚያሰፋ ቀዶ ሕክምና ነው። ጥርሱ ከታከመ በኋላም ሳይነሱ ካልጸዳ ያስፈልጋል። ስፔሻሊስቱ ጥርሱን አስቀድመን ሳይነሱን እንየው አሉ። ሳይነሱ ጸዳ፣ ኦፕሬሽኑም ቀረ።

ውጤቱ

ሽታው ጥርሱ በተነቀለ በሁለተኛው ሳምንት ጠፋ። ንፍጡ ቀስ በቀስ ነጣ። የጉንጩ ክብደት እስከ ፋሲካ ገደማ አልፎ አልፎ ይመለስ ነበር፤ አሁን የለም። ጆሯቸው ተከፍቷል።

በሕመሙ የደከመው የማሽተት ችሎታቸው ግን ወዲያው አልተመለሰም። ሽታ የሚለየው ሽፋን ያለው በአፍንጫ ጣሪያ ላይ ነው፤ ለወራት በእብጠትና በመግል የተሸፈነ ቦታ በአንድ ቀን አይነቃም። ስለዚህ የማሽተት ልምምድ ነገርናቸው። የተለመደው አሠራር ጽጌረዳ፣ ባህር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ በየተራ ጠዋትና ማታ ማሽተት ነው፤ ቢያንስ 12 ሳምንት ይቀጥላል። ቅርንፉዱ ከሱቃቸው ነው፤ ሎሚና ባህር ዛፍ አያሳጣም። የጽጌረዳውን ቦታ ለኮረሪማ ሰጡት። «የማላውቀውን ሽታ ከምለማመድ እንጀራዬን ልለማመድ» አሉኝ። ተስማማሁ። አሁን አዲሱን ኮረሪማ ከከረመው ይለያሉ፤ ግን ፈልፍለው ነው።

ለሌላ ጉዳይ የሚሆነው

ለጤና ባለሙያ፦ «ሳይነስ ነው» ከማለት በፊት የትኛው፣ በየትኛው ወገን የሚለው ይጠየቅ። አንድ ወገን ከሆነና ከሸተተ አፍ ይከፈት፤ የላይ ጥርሶች ይታዩ፣ ይመቱ። የተሞላ፣ የተነቀለ፣ የተተከለ ጥርስ ካለ ይመዝገብ። ጥርሱ አያምም ማለት ጥርሱ ደህና ነው ማለት አይደለም። ትንሹ ራጅ ደህና ነው ካለና ጥርጣሬው ከቀጠለ ሲቲ ይታሰብ። አንቲባዮቲክ ለሦስተኛ ጊዜ ከመድገም ምክንያቱን መፈለግ ይረክሳል፤ ለኪስም ለጤናም።

ለታካሚ፦ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የጥርስ ታሪካችሁን ሳትጠየቁም ተናገሩ። የሚከፍተው ጠብታ ከአምስት ቀን አይለፍ። የእንፋሎት መታጠን ለጊዜው ያቀልላል፤ ግን የፈላ ውሃ ላይ ማጎንበስ ያቃጥላል፣ ለልጅ ደግሞ ጨርሶ አይደረግም። የቅጠል ጭማቂ አፍንጫ ውስጥ አይንጠብ።

ተራ ጉንፋን ተከትሎ የሚመጣ የሳይነስ መደፈን ብዙውን ጊዜ በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ በእጥበትና በእረፍት ይለቃል። ከአሥር ቀን ካለፈ፣ ወይም ተሽሎ መልሶ ከባሰ መታየት ያስፈልጋል። ዓይን ዙሪያ ካበጠ፣ እይታ ከደበዘዘ ወይም አንዱ ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ግንባር ካበጠ፣ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።